ከሳሎን የተነሣ ጉዞ

«ማን ሞተ?» አለች መድኃኒት ቤት የምትሠራው ጎረቤት፣ በሩን ገፋ አድርጋ እንደገባች።

አምስቱም የቤቱ ሰዎች ሳሎኑ መሃል በሁለት ረድፍ ተደርድረው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጸጥ ብለዋል። ግድግዳው ላይ ከምስማር በቀር ምንም የለም፤ ሥዕሎቹ ከወረዱ ሰንብተዋል። ከፊት ባልና ሚስት፣ ከኋላ ሁለቱ ሴቶች ልጆች፣ በልጆቹ መሃል ደግሞ አያትየው፣ ፖስታ ውስጥ እንደገባ ደብዳቤ ከግራም ከቀኝም ተጣብቀው።

«ኧረ በሞቴ ተናገሩ!» አለች ጎረቤቲቱ። እጇ ቀድሞ ደረቷ ላይ ደርሷል፤ ድምፅዋም ለለቅሶ ተሰናድቷል።

«እሽሽ!» አላት አባወራው፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል። «ገና ሠላሳ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነን።»

«የምኑ?»

«የሜዳው» አለች ሚስቱ፣ ጭኗ ላይ የዘረጋችውን ካርታ በጣቷ እየተከተለች። «አሁን ወፍጮ ቤቱን አልፈናል። ከዚህ ወዲያ ዛፍ የሚባል ነገር የለም።»

ጎረቤቲቱ የተቀመጡበትን ልብ ያለችው ያኔ ነው። የሳሎን ወንበር አይደለም። ቀበቶው እንደተንጠለጠለ ከመኪና ተፈትቶ የመጣ ወንበር ነው።

ሰውየው ሥራው የመኪና ወንበር መስፋት ነው፤ ሰፈሩ «ስፖንጅ» ይለዋል። ሰው ሲያገኝ ከፊቱ በፊት አቀማመጡን ነው የሚያየው እየተባለ ይታማል። ሐሜት ብቻም አይደለም። ወገቤን እያለ እያነከሰ የመጣን ሾፌር ሁሉ ስፖንጁን በቢላ ቀርጾ፣ ሞላውን አጥብቆ፣ በጎባጣ መርፌ ሰፍቶ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል። የዓለም ችግር ግማሹ ከመቀመጫ የመጣ ነው ብሎ ከልቡ ያምናል። ሚስቱን ሲያጭ እንኳ መጀመሪያ የሰጣት ስጦታ ትራስ ነበር ይባላል፤ እሷም አታስተባብልም።

የሚስቱ ወንድም ከድንበሩ ማዶ፣ ተራሮቹ ሥር ጋራዥ ከፍቶ፣ «ሥራው ከእጄ በላይ ሆኗል፤ ጓዝህን ጠቅልለህ ና» ካለው ሦስት ወር ሆነው። ተመከረ፣ ተዘከረ፣ በራሳቸው መኪና ሊሄዱ ተቆረጠ። ሁለት ቀን ሜዳ፣ ከዚያ ኬላ፣ ከኬላው ወዲያ ግማሽ ቀን ዳገት። መመለሻ የለውም። የቤቱ ቁልፍ እሑድ ለአዲስ ተከራይ ይሰጣል፤ ሚስቱ ዳቦ ቤቱን ለቃለች፤ ልጆቹ የትምህርት ቤት መሸኛቸውን ይዘዋል። መኪናው ድንበር የሚሻገርበት ፈቃድ የሚያበቃው ሰኞ ነውና፣ ቅዳሜ ጠዋት ካልተነሡ ነገሩ ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ያልታወቀ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቱ ነገር። ነገሩ የተቆረጠ ዕለት ስፖንጅ ሁሉም በተሰበሰቡበት ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ፣ «እናቴን ትቼ አንዲት ጎማ አላንቀሳቅስም!» ብሏል። አሮጊቷ ያን ጊዜ ቀና ብለው አይተውት፣ እሺም እምቢም ሳይሉ፣ «እንግዲህ ጉልበቴ ከቻለ» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አምስት ሰው በአንዲት ጉልበት ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሜዳው ላይ የመጀመሪያው ማረፊያ ያለው ከአራት ሰዓት መንገድ በኋላ ነው። በመሃል ወርዶ እግር ለማፍታታት ጥላ እንኳ የለም። ስለዚህ ስፖንጅ ቡሎኑን ፈታ፣ ወንበሮቹን በሁለት ሰው አስሸክሞ ሳሎን አስገባና በየማታው ከእራት በፊት ቤተሰቡን እያሳፈረ ይለማመድ ጀመር። እናቱ የት ላይ እንደሚያማቸው ካወቀ መድኃኒቱ በእጁ ነው።

አሮጊቷ ግን አርባ ደቂቃ ሲሞላ ይነሣሉ። በመጀመሪያው ማታ በአርባ ተነሡ፤ ሞላውን ቀየረ። በሁለተኛው በአርባ ተነሡ፤ ስፖንጁን እጥፍ አደረገ። ሦስተኛው ቀን መደገፊያውን ወደ ኋላ አጋድሞ ለእግራቸው መርገጫ ሠራ፤ በሠላሳ ዘጠኝ ተነሡ። ያቺ ጉልበት እንደ መንግሥት ሠራተኛ ሰዓቷን አክብራ ትወጣለች።

«መስኮቱ ዛሬ የኔ ነው!» አለች ትንሿ ልጅ ከኋላ፣ የእህቷን ክንድ በአያቷ ጉልበት ላይ እየገፋች።

«ትናንት አንቺ ነበርሽ!»

«ትናንት ዝናብ ነበር፤ ምንም አላየሁም!»

«የሌለ መስኮት ላይ ተጣሉ እንግዲህ!» አለች እናታቸው። «እማማ፣ አላስቸገሩዎትም?»

«ምን ቸገረኝ፤ እኔ መሃል ነኝ» አሉ አሮጊቷ።

መሃል ያደረጋቸው ልጃቸው ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ጭንቅላታቸው መስታወት እንዳይመታ፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸውም የሚደገፉበት ትከሻ እንዲኖር ብሎ። በዚህ ዘዴው ኮርቶ ለጋራዥ ጓደኞቹ ሁሉ አውርቶታል።

አርባ ሞላ። «በቃኝ» አሉ አሮጊቷ፣ ጉልበታቸውን ይዘው። ስፖንጅ ሳያስበው ወለሉን በቀኝ እግሩ ረገጠ፤ ፍሬን መያዙ ነው።

ጎረቤቲቱ ከቦርሳዋ አንድ የቅባት ብልቃጥ አወጣች። «ለዚሁ ነበር የመጣሁት። ያኛው አልቆ ይሆናል ብዬ ሁለተኛ አመጣሁልዎ።»

«ተባረኪ ልጄ» አሉና ተቀብለው መደርደሪያው ላይ አኖሩት።

ሐሙስ ሆነ። ሚስቲቱ እረፍት የሚባል ነገር ከቤቱ አባራለች። ድስቱን ታሽገዋለች፣ ምሳ ሲደርስ ትፈታዋለች፣ ከምሳ በኋላ መልሳ ታሽገዋለች። የክረምት ልብስ ያለበትን ሻንጣ ከታች አድርጋ አሰረችና፣ ተራራው ብርድ ነው መባሉ ትዝ ሲላት ሁሉንም አውርዳ ከላይ አደረገችው። ካርታው ከመታጠፍ ብዛት ኬላው ጋ ተቀዷል፤ በፕላስተር ጠግናዋለች። ባሏን ስታገኘው የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ «ዛሬስ ስንት ደቂቃ?»

«አርባ።»

«እና ቅዳሜ?»

ስፖንጅ አዲስ ዓይነት ስፖንጅ ሊፈልግ ይወጣል።

የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ጎባጣ መርፌውን ቤት ረስቶት ከጋራዡ ተመለሰ። ሚስቱ ፓስፖርቶቹን ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ ከማለዳ ጀምሮ እንደወጣች ነው። ትንሿ ልጁ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታስራለች፣ ትፈታለች፤ እሷም የእናቷ በሽታ ተጋብቶባታል።

«አያትሽስ?»

«መኪና ውስጥ ናት።»

ከበሩ ቆሞ አየ። የኋላው ወንበር ቦታውን ለቋል። አንደኛው ጫፉ ተጎትቶ፣ ወለሉ ላይ ነጭ ጭረት ትቶ፣ ወደ መስኮቱ ዞሯል። አሮጊቷ በስተግራ ጫፍ ላይ፣ ክንዳቸውን የመስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፈው፣ ጭናቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ከጎናቸው ራዲዮ ዝግ ብሎ ያወራል። እግራቸው የተሠራለትን መርገጫ ትቶ ሌላኛው እግር ላይ በምቾት ተነባብሯል።

ስፖንጅ ወደ ልጁ ጎንበስ አለ። «ከመቼ ጀምራ ነው?»

«እናቴ ከወጣች ጀምሮ። እኔ ሁለት ጊዜ ራበኝ።»

በሚስቱ መውጫ ቢሰላ ሦስት ሰዓት አለፈ ማለት ነው። መደርደሪያውን አየ። ሁለቱ የቅባት ብልቃጦች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የሁለቱም ክዳን እንደታሸገ ነው። በቀስታ ገብቶ የሾፌሩ ቦታ ላይ ተቀመጠ። እሱ ወደ ግድግዳው፣ እናቱ ወደ መስኮቱ፤ ጀርባ ለጀርባ።

«ስንት ደቂቃ ሆነሽ እማዬ?»

የምስሩ ድምፅ ቆመ። «ሰዓት አልያዝኩም።»

«ጉልበትሽስ?»

«ዛሬ ደህና ውላለች።»

«ቅባቱን አልተቀባሽውም እኮ።»

«ሽታው አልተስማማኝም።»

«ሳትከፍቺው?»

አሮጊቷ ራዲዮኑን ዘጉ። ደጅ ትንሿ ልጅ የማሰሪያውን ቋጠሮ እየተሳደበች ነው።

«ጠረጴዛውን የመታኸው አንተ ነህ» አሉ። «እናቴን ትቼ አንዲት ጎማ አልክ። ከዚያ በኋላ እኔ እምቢ ብል ምን ይሆናል? ሚስትህ እንጀራዋን ትታ ወጥታለች። ልጆቹ መሸኛ ይዘዋል። እድሜ ልኬን ስታየኝ በኔ ምክንያት የቀረው ተራራ ነው የሚታያት። እኔ እምቢ ከምል ጉልበቴ እምቢ ትበል፣ ሐኪምም አይሆንም ይበል፣ አንተም አዝነህ እዚሁ ያለችው እህትህ ጋ ታስጠጋኝና ትሄዳለህ ብዬ ነው። ጉልበትን የሚቀየም የለም።»

«ስለዚህ መሄድ አትፈልጊም።»

«እሱን ማን ጠየቀኝ?»

«ስንት ቀን ሙሉ ስንለማመድ…»

«ጉልበቴን ጠየቃችሁ። ወገቤን ጠየቃችሁ። ያቺ መድኃኒተኛ እንኳ ስትገባ ‹ጉልበትዎ እንዴት አደረች› ነው የምትለኝ። እኔ እንዴት እንዳደርኩ የጠየቀኝ የለም።»

ስፖንጅ ወንበሩን በእጁ ጫን ጫን አደረገ፤ ስፖንጁ ጥሩ ነው።

«ያን ሜዳ አንዴ ተሻግሬዋለሁ» አሉ እናቱ።

«አንቺ? መቼ?»

«ለአባትህ ስዳር። እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ነው የመጣሁት፤ መመለሻ አልነበረውም። የጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያ መሃል ወሽቀውኝ። ንፋስ እንዳይመታት ብለው ሸራውን ከላይ ጎተቱብኝ። ለኔው አስበው ነው፤ ክፉዎች አልነበሩም። ሁለት ቀን ሙሉ አቧራውን ዋጥኩት እንጂ ሜዳውን አላየሁትም። እዚህ የተቀበሉኝ ሴቶች መንገዱ እንዴት ነበር ሲሉኝ፣ ‹ሰፊ ነው› አልኳቸው። ሾፌሩ ሲል ሰምቼ።»

ስፖንጅ ይህን ታሪክ ሰምቶት አያውቅም። እናቱ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ከጓዳው እቃ ጋር አብረው የተፈጠሩ ይመስለው ነበር። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ሲያስብ እጆቹ ወደ ላይ መጡ፤ የሌለውን መሪ ጨብጠዋል። ምስማሮቹን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ። ይህን ሁሉ ቀን አምስት ሰው ሰብስቦ ያሳየው ምስማር ነው።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«ጉልበትሽን አይደለም የምጠይቀው። አንቺን ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። ጠረጴዛ ቢፈልግ አጠገቡ የለም፤ ቢኖርም አይመታውም ነበር። «እምቢ ብትዪም ማንም አይቀየምሽም፤ ሚስቴን እኔ እነግራታለሁ፤ እንዴት እንደምናደርግ እንመካከራለን። እሺ ብትዪም እሺ ነው። ቅዳሜ አብረሽን ትሄጃለሽ?»

ከጀርባው ምስሩ እንደገና ተንኮሻኮሸ። አሮጊቷ አንዲት ጠጠር ለይተው አወጡና በመስኮቱ አሻግረው ወረወሯት፤ የወደቀችበትንም አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ።

«መሃል ላይ?» አሉ።