የሚያማትበው እጅ

«አልገባም አልኩሽ» አለ ኒስቶር። «ተሸክመሽ ብታስገቢኝም ተመልሼ እወርዳለሁ።»

የመኪናው በር እንደተከፈተ ነው። ሽማግሌው መንገዱ ዳር ሣር ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶ ይዟል። የልጅ ልጁ ኢሊንካ በሩን ደግፋ ለሦስተኛ ጊዜ ትለምነዋለች። ስድስት ተኩል አልፏል። የኩላሊት እጥበት ተራው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ከተማው ገና አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ይቀራል።

«አባባ፣ የዛሬው ካመለጠዎት እስከ ሰኞ ሌላ የለም። ዶክተሯ ያሉትን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ። ውኃው ሳንባዬ ውስጥ ይገባል አለች። ውኃውንስ ማሽኑ ያወጣዋል። አንቺ ቀድመሽ ከገደልሽኝ ማሽኑ ምን ያደርግልኛል?»

ከኋላቸው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ አንድ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ ተንጋዷል። ባለ ጋሪው ቶዴር የፈረሱን አንገት እያሻሸ ያረጋጋል። የኢሊንካ መኪና የቀኝ ስፖኪዮ ተገንጥሎ አስፋልቱ ላይ ወድቋል።

ኢሊንካ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ስምንት ወር ሆኗታል። እናቷ ጣልያን አገር አልጋ ላይ የቀረች አሮጊት ታስታምማለች። አሮጊቷ ከምሳ በፊት ሸለብ በምታደርግበት ግማሽ ሰዓት እናትየው ስልኳን አንስታ ትጽፋለች፤ ወጣችሁ? የት ደረሳችሁ? ጋቢውን ይዘሽለታል? መልሱ ከዘገየ ትጨነቃለች። ስለዚህ ኢሊንካ አታዘገይም። ስልኩን በግራ እጇ ይዛ በአውራ ጣቷ ትጽፋለች፣ በቀኟ መሪውን ትይዛለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እንዲህ ሲመላለሱ ከርመዋል፤ አንድም ቀን ምንም ስላልሆነ፣ ምንም የማይሆን መስሏት ነበር።

ዛሬ ከቅዱስ ድሜጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርሱ ቀኝ እጇ ከልጅነቷ የለመደውን አደረገ። ከመሪው ተነሣና አማተበ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ግራው ስልኩን ይዟል። መሪውን የያዘ ማንም አልነበረም። ኒስቶርም ራሱን ዝቅ አድርጎ እያማተበ ነበርና፣ ቀና ሲል የድርቆሹ ክምር መስታወቱን ሞልቶት አየ። መሪውን ጎትቶ ያዞረው እሱ ነው፤ ባለፈው ሰኞ እንኳ ማንኪያ መያዝ ባቃተው ክንዱ።

ቶዴር ፈረሱን ትቶ መጣ። ጉዳት አልደረሰበትም።

«አንቺ ልጅ፣ መንጃ ፈቃድ የሰጠሽ ቄስ ነው እንዴ?»

ኢሊንካ ይቅርታ ጠየቀች። ቶዴር ይቅርታውን ከእሷ ይልቅ ፈረሱ እንደሚፈልገው ነገራትና ወደ ሽማግሌው ዞረ። ኒስቶር ጋሪው ላይ ልውጣ ሲለው በመጀመሪያ ቀልድ መሰለው።

«በእኔ ጋሪ ከሆነማ ለፋሲካ እናደርስሃለን» አለ። «አውቶቡሱም ካለፈ ቆይቷል። ግባ ኒስቶር፤ ልጅቷ እንደሆነ ደንግጣለች፣ ዛሬ ከማንም ይልቅ ተጠንቅቃ ነው የምትነዳው።»

«ዛሬን አይደለም የምፈራው» አለ ኒስቶር። «ድንጋጤው ሰኞ ይለቃታል።»

ከዚያ ወደ ኢሊንካ ዞሮ፣ ለእናቷ አሁኑኑ ደውላ የሆነውን እንድትነግራት አዘዛት። ኢሊንካ እሺ አላለችም። ማታ እነግራታለሁ አለች፤ ቀጥሎ ፈረሱ ደንብሮ ነው ብንላትስ አለች። እናቷ ይህን ከሰማች ሥራዋን ጥላ እንደምትመጣ፣ ባትመጣም እንቅልፍ እንደማይወስዳት ተናገረች። ሽማግሌው ሰምቶ ሲያበቃ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። እግሮቹ ከጫማው በላይ አብጠው ካልሲውን ወጥረውታል። ኢሊንካ ያንን አየችና ስልኩን አወጣች።

እናቷ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች። ኢሊንካ ቆማ፣ ጀርባዋን ለኒስቶርና ለቶዴር ሳትሰጥ፣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስልኩን፣ ጋሪውን፣ ስፖኪዮውን፣ መሪውን ማን እንዳዞረው። 

«ለማን ስትጽፊ ነበር?» አለች እናትየው።

«ለአንቺ።»

ከስልኩ ውስጥ ደወል ተሰማ፤ አሮጊቷ ነቅታ እየጠራች ነው። እናትየው ልሂድ እንኳ ሳትል መስመሩ ተቋረጠ።

ኢሊንካ ስልኩን ለአያቷ ዘረጋች። «እርስዎ ይያዙልኝ።»

«እኔ ከያዝኩልሽ፣ እኔ በሌለሁ ቀን ማን ይይዝልሻል?»

ኢሊንካ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ከፍታ ስልኩን ከቅያሪው ጎማ ሥር አስገባችና ዘጋችው። ቶዴር ኒስቶርን በብብቱ ደግፎ አነሣው። ሽማግሌው ከኋላ ወንበር ገባ፤ ከፊት አልቀመጥም አለ።

ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ስልኩ መጮኽ ጀመረ። ከጎማው ብረት ጋር እየተጋጨ ይንቀጠቀጣል። ማን እንደሆነች ኢሊንካ ታውቃለች። እያለቀሰች እንደምትደውልም ታውቃለች። ቀኝ እጇ ማርሹን ለቆ፣ ስልኩ ወትሮ ወደሚቀመጥበት ባዶ ቦታ ሄዶ ተመለሰ። ጥሪው ቆመ፤ እንደገና ጀመረ። ከፊቷ እንጨት የጫነ ከባድ መኪና በኩርባዎቹ ላይ ይጎተታል፤ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ነው። ልትቀድመው ፍሬቻ አበራች፣ ኩርባውን አየችና አጠፋችው። ከኋላ የአያቷ ትንፋሽ አጭር አጭር እየሆነ ሄዷል።

የሚቀጥለው መንደር ቤተ ክርስቲያን ከዛፎቹ መካከል ብቅ ሲል እጇ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያህል ተነሣ። ጣቶቿ እስኪነጡ ድረስ መልሳ ጨበጠችው። ከኋላዋ የልብስ ኮሽታ ሰማች፤ ኒስቶር ሦስት ጊዜ አማተበ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሦስት ጊዜ።

«ሁለተኛው ያንቺ ነው» አለ። «ወደፊት ተመልከቺ።»

ሆስፒታሉ ግቢ የገቡት አስር ደቂቃ አርፍደው ነው። ነርሷ ተቆጥታ ተሽከርካሪ ወንበር አመጣች። ኒስቶር ከመግባቱ በፊት ግን ነርሷን አስቁሞ፣ ከሌላኛው ሸለቆ በሽተኞችን የሚያመላልሰውን የቫን ሾፌር ጠራና አንድ ነገር ነገረው። ሾፌሩ ሚሁ ይባላል። በሩ ሲዘጋ ወደ ኢሊንካ መጣ።

«አያትሽ በመመለሻው ከእኔ ጋር ነኝ ብሏል። መገንጠያው ላይ አወርደዋለሁ። ምን አድርገሽው ነው?»

ነገረችው። ሚሁ አልሳቀም፣ አልሰደባትምም፤ ጥርሱን በስንጥር እየነካካ ግቢው ውስጥ ወደቆሙት ሁለት ሾፌር ጓደኞቹ ተመለሰ። ከመገንጠያው እስከ ቤታቸው ሦስት ኪሎ ሜትር ዳገት ነው። ከማሽኑ በኋላ ኒስቶር ከአልጋ እስከ በር ለመሄድም ግድግዳ ይደግፋል።

ኢሊንካ ስልኩን አውጥታ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ለእናቷ ደወለች። እናቷ ደክሟታል። ከእንግዲህ መንገድ ላይ ሳላችሁ አልጽፍም አለች፤ ስትደርሱ አንቺ ትደውያለሽ፣ እስከዚያ እኔም እጄን አጣጥፌ መቀመጥ እለምዳለሁ። ከዚያ ለሥራ ወደዚህ ባልመጣ ይሻል ነበር እንዴ ብላ ጠየቀች። ኢሊንካ አታውቅም። 

ስታበቃ ስልኩን ወደ ጎማው ሥር መለሰችው። አራት ሰዓት እጇ ሥራ ፈትቶ ዋለ። ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። አንድ ጊዜ ተነሥታ መኪናው ድረስ ሄዳ፣ ክዳኑን ነካ አድርጋ ተመለሰች።

አስራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ኒስቶር ክንዱ ላይ ፋሻ ተጠቅልሎለት፣ ፊቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። በቫኑና በኢሊንካ መኪና መካከል ቆመ። ሁለቱም በሮች ተከፍተዋል።

«ስልኩ የት ነው?»

«ጎማው ሥር።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«አይደለም። ቆሜ ለእማ ደውያለሁ። ከዚያ መለስኩት።»

ሽማግሌው ፊቷን ትንሽ አየው። ከዚያ ቀስ እያለ መጣና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ክንዱ ስለሚያመው ቀበቶውን እሷ አሰረችለት። በቀኝ በኩል ስፖኪዮ ስለሌላት፣ ከመንቀሳቀሷ በፊት አንገቷን አዙራ ሁለት ጊዜ አየች።

ሚሁ በቫኑ በር ላይ ተደግፎ፣ እሁድ የተሸነፈው ቡድን ማንን ማሰለፍ እንደነበረበት በጣቶቹ እየቆጠረ ለሁለቱ ሾፌሮች ያስረዳል። አንደኛው በረኛውን ረሳኸው አለው። ሚሁ እንደገና ከአንድ ጀመረ። የኢሊንካ መኪና ፍሬቻውን አብርቶ ከግቢው በር ወጣና ወደ ግራ፣ ወደ መንደራቸው ታጠፈ።