የስለት መርከብ

ነገሪ ባሕር አይቶ አያውቅም። ጌጃ ሰፈር ተወልዶ፣ እዚያው አንጥረኛ ሆኖ፣ እዚያው ያገባ ሰው ባሕርን የት ያየዋል? በዚያ ሚያዝያ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከእጁ የማይወጣው የመርከብ ዕቃ ነበር፤ ቀለበቱ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ሰንሰለት፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል መልሕቅ። ሚስቱ ፋዮ የመጨረሻ ወሯ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ልጆች በተወለዱ በሳምንታቸው ቀብረዋል፤ ይሄኛውንም እንዳያጣው ነገሪ ሰርክ ይሰጋል።

መርከቧን ያዘዙት ጋሽ ገብረየሱስ ናቸው፤ የድሮ የባሕር ኃይል ሰው፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን፣ ማዕበል ውስጥ ሆነው «ልደታ ማርያም፣ የብስ ካረገጥኩ የእንጨት መርከብ አስገባልሻለሁ፤ ጌጧም ከእናቴ ጠገራ ብር ይሆናል» ብለው ተስለዋል። ከሃያ ዓመት በላይ ዘገዩ። አሁን ግን እንጨቱን ራሳቸው ጠርበው ጨርሰው፣ ሦስቱን ጠገራ ብር ነገሪ መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

«ለግንቦት ልደታ ይደርሳል?»

«ምን ጥያቄ አለው ጋሼ!»

«የመርከቧን የጎን መብራቶች እንዳትሳሳት። በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ። ቀለም ብትቀባቸው ይበቃል።»

«ቀለምማ ይላጣል! መስታወት ፈጭቼ ብሩ ላይ በእሳት አቅልጬ ነው የማለብስልዎ። ነገሪ ሥራ አበላሽቶ ያውቃል እንዴ?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ሽማግሌው ያላሉትን!

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ባቄላ የሚያካክሉትን ሁለት የብር መብራቶች የመስታወት ዱቄት አልብሶ ፍም ላይ አኖራቸው። ወናፉን ነፋ። ዱቄቱ አልቀልጥ አለ፤ እልህ ያዘውና ጨመረ። ጠገራ ብር ንጹሕ ብር አይደለም፣ ቅይጥ አለበት፤ መስታወት የሚፈልገውን እሳት አይችልም። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ! መስታወቱ ማብረቅረቅ ሲጀምር ብሩም አብሮ ላበው፣ ዓይኑ እያየ ሁለቱም ተጠፍጥፈው ቀሩ።

ብሩን መልሶ ቢሠራውና ቀለም ቢቀባው ማን ከለከለው? አንድ ቀን ይበቃው ነበር። «አበላሸሁ» ማለት ግን ሞት መሰለው። ከተጣለ የመብራት ገመድ መዳብ መዝዞ ቀጠቀጠ። መዳብ እሳት ይችላል፤ መስታወቱ እንደ ቅቤ ፈሶ ተኛበት። ጠርዙን በብር ውሃ ነከረው። አማረ። ከብሩም ይበልጥ አማረ፣ ክፋቱ።

ፋዮ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆማ ስታየው ኖሯል።

«መዳብ ነው እኮ።»

«ከሥር ነው። ማን ያየዋል?»

«የተሳሉላት አታይም? በሞቴ ነገሪ፣ ሆዴ ውስጥ ሰው አለ። በስለት አትቀልድ። ሄደህ ንገራቸው።»

«እሺ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ ጋሽ ገብረየሱስ መጡ። መብራቶቹን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩና እንባቸው ወረደ። «እጅህ ይባረክ» አሉት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል፤ ነገሪ ያሰበውን ትቶ መብራቶቹን ጠቅልሎ ሰጣቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ።

ግንቦት አንድ ማለዳ ፋዮን ምጥ ያዛት። ጎረቤቷ ደሚቱ ታክሲ አስቁማ ስታሳፍራት ነገሪ አብሮ ሊገባ ሲል ፋዮ በእጇ ገፋችው።

«አንተ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂድ! መርከቧ ሳትገባ ንገራቸውና ና!»

ሮጠ። ግቢው ጢም ብሏል። ስለት ያስገባው ሁሉ ይመሰክራል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለ ተጋፍቶ ደረጃው ጋ ሲደርስ ጋሽ ገብረየሱስ መርከቧን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቄሱ ፊት ቆመዋል። ቀይና አረንጓዴው ፀሐይ ላይ ቦግ ብሏል።

«ጋሼ... አንድ ነገር ልንገርዎ...»

«መጣህ!» ክንዱን አፈፍ አድርገው ወደ ሕዝቡ አዞሩት። «የሠራው ይሄ ልጅ ነው! ምን ያልብሃል እንዲህ? ፋዮ ደህና ናት?»

«ምጥ ላይ ናት። ግን ጋሼ...»

«ምጥ ላይ? በዛሬ ቀን!» ሽማግሌው መርከቧን ወደ ላይ አነሱ፤ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «እመቤቴ፣ የእኔን ስለት አደረስሽልኝ፤ ከእንግዲህ ለራሴ ምንም አልለምንሽም። ለዚህ ልጅ ግን እለምንሻለሁ። የእጁን ሥራ እዪና እንደ ሥራው ክፈዪው! ለሚስቱም፣ ለሚወለደውም ልጁ፣ እንደ ሥራው!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ነገሪ ፈራ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። አሁንም «መዳብ ነው» ማለት ይችል ነበር፤ ሁለት ቃል። ነገር ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ቄሱም መስቀሉን ዘርግተው ይጠብቁታል።

ጋሽ ገብረየሱስ ክንዱን ጨበጥ አደረጉት።

«አሜን በል እንጂ ልጄ። የተመረቅከው እኮ አንተ ነህ።»

«አሜን» አለ ነገሪ።