የፓፓያው ፊት

«ፈረንጅዋ ልትሄድ ነው» አለች እትዬ ዘርፈሽ። ሰኞ ቦኖ ውሃ ላይ ተናገረችው፤ ማክሰኞ ወፍጮ ቤት ደገመችው፤ ረቡዕ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ልጅቷ እህል የሚባል አልቀምስም ብላለች። እናትየው ሻንጣዋን አራግፋ ፀሐይ ላይ አውጥታለች። ልትሄድ ነው ብያለሁ!» አለች። እትዬ ዘርፈሽ ወሬዋን ከማን እንደሰማች አትናገርም። ወሬው ሲወለድ አዋላጇ እሷው ናት።

ዮርዳኖስ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ቀና ሳትል፣ «ሻንጣውን ያዩት በመስኮት ነው በጸሎት?» አለቻት።

«ምላስሽን ጌታ ይግራልሽ! እኔ ለእናትሽ አዝኜ ነው። ባዶ ክፍል ታቅፋ ልትቀር!»

ዮርዳኖስ ብትመልስላትም ወሬውን ቀኑን ሙሉ ስታስበው ዋለች።

ፈረንጅዋ ሚሌና ትባላለች። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ በተባለ ሰሞን የውሃ ምህንድስና ልታስተምር ከቡልጋሪያ መጥታ፣ የስድስት ዓመት ልጇን ራዳን ይዛ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር እነ ዮርዳኖስ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነበር። ስለ ኪራዩ የዮርዳኖስ እናት ወርቂቱ ታስብበት። የዮርዳኖስ ጭንቀት ሌላ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ጥሏት፣ ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጣ፣ አሁን በግል ልትፈተን ተመዝግባለች። ሚሌና ከሥራ ስትመለስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ሒሳብ ታስጠናታለች፤ ሰባራ ሳንቲም አትቀበልም። ከዚያ በፊት በነጻ ላስጠናሽ ያላት አንድ ወንድ መምህር ብቻ ነበር፤ እሱም ትምህርቱን የሚጀምረው ከጉልበቷ ነው። ፈተናው ግንቦት ነው። ሚሌና አሁን በጥቅምት ከሄደች ዮርዳኖስ ሁለተኛ እድሏን ገና ሳትነካው አጣችው ማለት ነው።

ደግሞም ወሬው ከመሬት የተነሳ አይመስልም። ራዳ ከፍቷታል። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጣ በእንጨት መሬት ትጭራለች። የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ተደርድረው «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ሲሏት ፊቷን ወደ ግንዱ ታዞራለች። «ይህች ልጅ የናፈቃት ነገር አለ» አለች ዮርዳኖስ ለራሷ። ምን እንደሆነ ሚሌናን መጠየቅ ይቻል ነበር። ዮርዳኖስ ግን አትጠይቅም። አለማወቋን ለሰው ከምታሳይ እሾህ ብትረግጥ ትመርጣለች።

እንግሊዝኛ ያስተማራት የከውሰር ሱቅ ነው። ባልንጀራዋ ከውሰር ስኳሩንም ጨዉንም የምትጠቀልለው ከአሮጌ መጻሕፍት በተቀደደ ወረቀት ነው፤ ዮርዳኖስ ስኳሩን ለእናቷ ገልብጣ ወረቀቱን ለራሷ ታስቀራለች። ስለ ንብ ርባታ አንብባለች፤ ስሙን ስለማታውቀው አገር ንጉሥ አንብባለች። መጨረሻቸውን የማታውቃቸው ሠላሳ ያህል ታሪኮች በቃሏ ታውቃለች።

በዚያው ረቡዕ የሩብ ኪሎ ስኳር ወረቀት ስትዘረጋ ዓይኗ ፈጠጠ። በኦክቶበር መጨረሻ፣ በሠላሳ አንደኛው ምሽት፣ ሐሎዊን የሚባል በዓል አለ ይላል። ቤቱ በሚያስፈራ ነገር ይሸለማል፤ አጥንት ይንጠለጠላል፤ የሸረሪት ድር ይዘረጋል። የአንድ ነገር ሆዱ ተፈልፍሎ ዓይንና አፍ ይቀረጽበትና ሻማ ይገባበታል። ልጆች ጭንብል አጥልቀው ቤት ለቤት ጣፋጭ ይለምናሉ። የሚፈለፈለው ነገር ስም ላይ ግን ዘይት ፈስሶበታል። ሥዕል ካለውም ሌላ ገጽ ላይ ነው።

ወረቀቱን ይዛ ከውሰር ሱቅ ሮጠች።

«የዚህን ቀጣይ አምጪልኝ!»

«ወላሂ ዮርዲ፣ ቀጣዩ በርበሬ ይዞ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወጥቷል። ምን ይላል?»

ነገረቻት። ከውሰር የሚዛኑን ድንጋይ እንደያዘች ሰማችና፣ «ሰው ቤቱ እንዲያስፈራ ብሎ ይሸልማል? እኛ እንዳያስፈራ ስንት ቀለም እንቀባለን!» አለች።

«ልጅቷን ያስከፋት ይሄ ነው። በዓሏ ደርሶ ማንም አላሰበላት።»

«መቼ ነው እሱ?»

የዮርዳኖስ መዝገበ ቃላት ኦክቶበርን «ጥቅምት» ይለዋል።

«ጥቅምት ሠላሳ አንድ?» ከውሰር በጣቷ ቆጠረች። «የታለና ሠላሳ አንድ?»

«እነሱ አንድ ቀን ጨምረውበት ይሆናል። እኛ በሠላሳው እንይዘዋለን» አለች ዮርዳኖስ ቁርጥ አድርጋ። እርግጠኛ ሳትሆን ስትቀር ይበልጥ ቁርጥ አድርጋ ነው የምትናገረው።

«የሚፈለፈለውስ?»

«ትልቅ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ ፍሬ።»

«አናናስ?»

«ብር ካለሽ።»

ሁለቱም እኩል ወደ ዮርዳኖስ ግቢ ዞረው አዩ። ከጓሮው ሦስት የፓፓያ ዛፎች አናታቸው ብቅ ብሎ ይታያል። ፍሬው በነጻ፣ ሆዱ በተፈጥሮው ባዶ። ወረቀቱ ላይ ዘይት የፈሰሰበት ስም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ፓፓያ ሆነ።

ዮርዳኖስ እጅ ላይ የነበረው የጥቂት ሻማ መግዣ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከተጣለ ነገር መምጣት ነበረበት። አባያ ሐይቅ ዳር ወርዳ ዳልጮ የሚባለውን አሣ አጥማጅ የአምባዛ ጭንቅላት ለመነችው።

«ለድመት ነው?»

«ለጌጥ ነው።»

ዳልጮ መረቡን ጥሎ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን አጊጠሽ ባል አታገኚም፤ ድመት ግን አታጪም!»

«ባሎቹን አይቻቸዋለሁ፤ ድመቱ ይሻለኛል» ብላው ዐሥራ አራት ጭንቅላት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸከመች። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች እነዚያን ረጃጅም እግሮቻቸውን እያነሱ፣ ራሰ በራ አናታቸውን እያወዛወዙ እስከ መንገዱ ሸኟት። ጭንቅላቶቹን ከጓሮ ጉንዳን መውጫ አጠገብ ቀበረቻቸው፤ በሳምንቱ ጉንዳኑ ሥጋውን ግጦ ጥርት ያለ ነጭ አጥንት አስረከባት። ጨንቻ ያለው ሸማኔ አጎቷ ገነነ የተበጣጠሰ ድርና ማግ በፌስታል ላከላት፤ እሱን ቀጣጥላ ከጣሪያው ጠርዝ እስከ ማንጎው ቅርንጫፍ ዘረጋችው። ደረቅ የሙዝ ቅጠል ታስሮ ራስ የሌለው ሰው ወጣው። የብስኩት ካርቶን በድስት ጥላሸት ተቀብቶ ጭንብል ሆነ።

ወርቂቱ ይህን ሁሉ እያየች አለፈችው። ትዕግሥቷ ያለቀው ቢላው ፓፓያው ላይ ሲያርፍ ነው።

«በኢየሱስ ስም! የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የሚጸልዩበት ቤት ላይ የሰይጣን ፊት ልትሰቅዪ?»

«እማዬ፣ የዳነ ሰው ፓፓያ ይፈራል?»

«ነገ ዘርፈሽ ምን ይላል? ሰፈሩ ምን ትላለች?» ወርቂቱ ስትቆጣ ጋሞኛዋ ይቀድማትና በአማርኛ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ታደርጋለች።

ዮርዳኖስ ቢላውን አስቀመጠች። መልስ ነበራት፤ ስለ ዘርፈሽ ሁልጊዜም መልስ አላት። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ልጅቷ ካልሳቀች ይሄዳሉ። ሚሌና ከሄደች እኔ አለቀልኝ፣ እማዬ።»

ልጇ ስትለማመጥ ሰምታ አታውቅም፣ ወርቂቱ። ፓፓያውን አንስታ በመዳፏ መዘነችው፤ አንኳኳችው።

«ውስጡ ለእኔ፤ ፊቱ ለአንቺ። የጌታ ፍሬ አይጣልም። ደግሞ አንድ አጥንት ከግቢዬ በር አልፎ እንዳላይ። ከበር ውጪ ያለው የቀበሌው ነው።»

ጥቅምት ሠላሳ ቀን ፀሐይ ከጋሞ ተራሮች ጀርባ ስትገባ ዐሥራ ሁለት ፓፓያ ማንጎው ላይ ተንጠልጥሎ በራ። ቅርፊቱ አረንጓዴ፣ ውስጡ ብርቱካን፤ አንዱ ጥርሱን ያፋጫል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ቁርጥ እትዬ ዘርፈሽን ይመስላል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲመጣ የአሣ አጥንቶቹ እርስ በርሳቸው ተንኳኩ። የሰፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው አጥሩ ላይ ወጡ። «ፈረንጅ» ያለ የለም፤ አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል።

ራዳ ከግንዱ ሥር ተነሳች። ዮርዳኖስ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ታያታለች። ልጅቷ ወደ አንድ የአምባዛ አጥንት ተጠጋች፤ ጣቷን አፉ ውስጥ ከተተች፤ አወጣች። ከካርቶኖቹ አንዱን አንስታ ፊቷ ላይ አደረገች። ከዚያ እንደ ጅብ እየጮኸች ወደ አጥሩ ሮጠች።

ልጆቹ እንደ ዶሮ ተበተኑ። ትንሽ ቆይተው ግን በበሩ በኩል ተመለሱ፤ «ለእኔም! ለእኔም ስጪኝ!» እያሉ። ካርቶኑ ታደለ፤ ዮርዳኖስም ወረቀቱ እንደሚለው ቤት ለቤት ጣፋጭ እንዲለምኑ ሰደደቻቸው። አንዴ ፊታቸው ከተሸፈነ በኋላ ፈረንጅዋ የትኛዋ እንደሆነች ራሷ እትዬ ዘርፈሽም አልለየችም። እሷማ በሯ ሲንኳኳ «ገሥጸው ጌታዬ!» ብላ ከዘጋች በኋላ፣ የሚስቀው ሰይጣን የራሷ የልጅ ልጅ መሆኑን በድምፁ አውቃ አንድ እፍኝ ቆሎ በመስኮት ሰጠች። ከውሰር ካራሜላ በተነች። ወርቂቱ ሎሚ የተጨመቀበት ፓፓያ በሳፋ አቅርባ ስታበላ አመሸች።

ሚሌና ከሥራ ስትመለስ የግቢው በር ላይ ደርቃ ቀረች። ልጇን በሳቋ ብቻ ነው የለየቻት። ከዚያ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች።

«አሣው ለምንድን ነው?» ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

ዮርዳኖስ ቀጥ ብላ ቆመች። ይህችን መምህር ታውቃታለች፤ ሚሌና መልሱን የምታውቀውን ጥያቄ ነው ሁልጊዜ የምትጠይቀው። ፈተና መሆኑ ነው። ወረቀቱ ስለ አሣ አንድም ነገር አይልም፤ ግን ባዶ ወረቀት የሚሰጥ ተፈታኝ አያልፍም።

«ክፉ ነገር በውሃ በኩል እንዳይመጣ» አለች።

«ፓፓያውስ?»

«ጨለማ የራሱን መልክ አይቶ እንዲሸሽ።»

ሚሌና ጻፈች። «ሁልጊዜ በዚህ ቀን ነው?»

«ሁልጊዜ። ጥቅምት ሠላሳ።»

«ሐሎዊን» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አነባበቡን ግን እርግጠኛ ስላልሆነች ዋጠችው። «በትክክል መለስኩ?» ስትል ሚሌና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና «በጣም» አለቻት።

ራዳ በዚያ ምሽት ሁለት ሳህን በላች። በሳምንቱ አማርኛ ጀመረች፤ እንደማንኛውም ልጅ ከስድቡ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ሚሌና በረንዳው ላይ መጽሐፉን ሳትከፍት ቁጭ አለች።

«ቲኬት ቆርጬ ነበር። መልሼዋለሁ። ዛሬ ለሁለት ዓመት ፈረምኩ። ራዳ የሚመጣውን ዓመት በዓል ሳላይ አልሄድም ብላ እምቢ አለች።»

ዮርዳኖስ «ጥሩ» ብቻ አለች። ውሃ ልጠጣ ብላ ተነሳች፤ ኩሽና ገብታ የእናቷን አንገት አንቃ ጉንጯን ሳመችና፣ አፏን ጠርጋ ተመልሳ ምዕራፍ ስድስትን ገለጠች።

ግንቦት ላይ ተፈተነች፤ ሒሳብን አለፈች። በዕድሜ ከሚያንሷት ልጆች ጋር መሰናዶ ገብታ ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

በሦስተኛው ዓመት ሲቀላ ውስጥ በእነሱ መንገድ ላይ ፓፓያ ያልሰቀለ ቤት አልነበረም። ልጆቹ የፓፓያ ቀን ይሉታል። ዳልጮ የአምባዛ ጭንቅላት በነጻ መስጠቱን ትቷል። እነ ሚሌና በሳምንቱ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሻንጣቸውን ጨርሰዋል። ዮርዳኖስና የስምንት ዓመቷ ራዳ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ፓፓያ ይፈለፍላሉ፤ ውጪ ልጆቹ «ቶሎ በሉ! መሸ!» እያሉ በሩን ይደበድባሉ።

ዮርዳኖስ አሁን የምትፈራው ፈተና የለም። ሁለት ዓመት ያፈነችውን ጥያቄ አወጣችው።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እናንተ አገር በምንድን ነው የምትሠሩት? በፓፓያ አይመስለኝም።»

ራዳ የፓፓያውን ዘር እየጣለች ቀና አለች። «ምኑን?»

«ይሄን በዓል ነዋ።»

«እኛ አገር ይሄ የለም እኮ፣ ዮርዲ። የናንተ የጋሞ በዓል ነው ብላ እማዬ ጽፋ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ስምሽም አለበት፤ የባህሉ አዋቂ ይልሻል።»