ጉም የሚለብሰው ሰዓት

መኩሪያ የባሌን ሰዓት ከእጁ አውልቆ ወሰደ። ይህን አሥራ አራት ዓመት ተሸክሜ ኖሬአለሁ። ሰው ሁሉ እርሺው ይለኛል። የሚረሳ ነገር ቢሆን እኔም በረሳሁት ነበር፤ ግን ለቅሶው ጎዶሎ ነው የቀረው።

ባሌ ኃይለሚካኤል ይባላል። አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ይሠራ ነበር። መኩሪያ ታላቅ ወንድሙ ነው። ሰዓቱን ኃይለሚካኤል የገዛው አብዮቱ ሲመጣ አገር ለቆ ከሚሄድ ግሪክ ነው፤ የወርቅ የስዊስ ሰዓት፣ ድሮውንም የሰው እጅ የለመደ። ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም። አንድ ቀን የግቢያችንን በር ሲጠግን ቆርቆሮው መስታወቱን ከሦስት ቁጥር እስከ ሰባት ቁጥር ድረስ ጫረው። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ውሰደው ስለው ሳቀብኝ። የእኔ መሆኑ የታወቀው ገና አሁን ነው አለ።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ፣ ሳንባውን ታሞ ተኛ። የሞተ ዕለት እኔ ጸበል ላመጣ ወጥቼ አጠገቡ የነበረው መኩሪያ ነው። ስመለስ መኩሪያን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ራሱን ነቀነቀልኝ። ገብቼ የባሌን እጅ ስይዝ ሰዓቱ የለም። የነበረበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል።

የእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች እቃ ይነሣል። ኮቱን፣ ባርኔጣውን፣ በትሩን፣ ዘመድ አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ አልቃሿ በእያንዳንዱ ላይ ትገጥማለች፤ ለቀስተኛው ያንን እያየ ሰውየውን ይሸኛል። የኃይለሚካኤል ኮት ተነሣ። ባርኔጣው ተነሣ። አልቃሿ ሰዓቱን ብትጠራ የሚያነሣው ጠፋ። እኔም በለቀስተኛው መሐል ብድግ ብዬ መኩሪያን "ሌባ፣ የወንድምህን ሬሳ ገፈፍክ" አልኩት። እሱ መሬት መሬት እያየ ሰዓት አላየሁም አለ። ጋሼ እለው የነበርኩ ሴት ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼነቱንም እርስዎ ማለቱንም ነሣሁት። አንድ እድር ውስጥ ነን። ድንኳን በተተከለ ቁጥር እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ነው የምንቀመጠው።

እኔ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። በሰማንያ ስምንት፣ ጥቅምት ላይ፣ ካውያዬ ተበላሽቶ ላሠራ ኦሎምፒያ ሄድኩ። ካውያ ሠሪው ጎን ሀይደር የሚባል ሰዓት ሠሪ አለ፤ ያገለገሉ ውድ ሰዓቶችም ይሸጣል። ስጠብቅ ዓይኔን ወደ መስኮቱ ጣል ባደርግ ያ ጭረት። ከሦስት ቁጥር እስከ ሰባት ቁጥር።

ገብቼ የማን ነው አላልኩም። የባሌን ሰዓት ላላውቅ ነው? የአንገቴን ሐብል ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሀይደር ሐብሉንም እኔንም አይቶ ሰዓቱን ሰጠኝ።

ቤቴ ወስጄ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን መስታወቱ ጉም ለበሰ።

እንፋሎት የማውቅ ሰው ነኝ፤ ከካውያ ጋር ነው ያረጀሁት። የካውያ እንፋሎት መስኮት ላይ እንደ ሻሽ እኩል ነው የሚዘረጋው። ይህኛው ግን ከመሐል ጀመረ፣ የጥፍር ያህል ሆኖ። ሰፋ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዳር ከዳር እየሳሳ ጠፋ። ከዚያ እንደገና መጣ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያንሳል። ሦስተኛ ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ልጆች ሆነን መስኮት ላይ አፋችንን ከፍተን ሃ የምንለውን ነው የሚመስለው። በሽርጤ ብጠርገው አይጠረግም፣ በውስጥ በኩል ነው።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት። ካውያውን ነቅዬ፣ ውኃውን ደፍቼ፣ በር ከፍቼ አየሁት። በደረቅ አንሶላ ሰባት እጥፍ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ዘጠኝ ከሩብ ላይ ስከፍተው ሁለት ጊዜ ላበ። አልፈራሁም አልልም። ግን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሥራዬን ሁሉ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እየጨረስኩ ፊቱ እቀመጥ ነበር። ደህና ዋልክ ወይ እለዋለሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ሀይደር ዘንድ ወሰድኩት። ጀርባውን ከፍቶ በአጉሊ መነጽሩ አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። ርጥበት ገብቶ ማሽኑ መዛግ ጀምሯል አለኝ። ጥፋቱ የመስታወቱ ነው፤ መስታወት ሳይሆን ሚካ ነው፣ ፕላስቲክ፤ አርጅቶ ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል።

"ሁለት ምርጫ ነው ያለው፣ እትዬ አሰገደች" አለኝ። "አዲስ ሚካ ልግጠምልዎት፣ ወይ ሰንፔር።"

"ሰንፔር መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው?"

"እሱ ራሱ። ድንጋይ ነው። ቢላዋ አይጭረው፣ አሸዋ አይጭረው። ክፉኛ ከወደቀ ግን ይሰበራል። ሚካ ይጫራል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ ጭረቱም በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ይጠፋል።"

የእኔ ጭረት እንዲጠፋ ማን ጠየቀህ አልኩት። ሳቀ። እንግዲያው አሮጌው ይቆይ ካሉ በዓመት ውስጥ ማሽኑ ዝጎ ይቆማል፣ ያኔ እኔ ዘንድ ቢመጡም ዋጋ የለውም አለኝ። ከመሳቢያው ሰንፔሩን አወጣ፤ በጥጥ የተጠቀለለ፣ ክብ፣ ለዚህ ሰዓት በልኩ ከዱባይ የመጣ። አንድ ጠብታ ውኃ አሮጌው ሚካ ላይ ጣል ሲያደርግ ተዘረጋ። ሰንፔሩ ላይ ጣል ሲያደርግ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ቆመ። ሁለቱንም ከንፈሬ ላይ አስነካሁ። ሰንፔሩ የጉድጓድ ድንጋይ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ሚካው ሞቅ ያለ ነበር፤ እንደ ሰው ቆዳ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መስታወቱን ብቀይር ያ ሁለት ጉም ይቀርብኛል። ባልቀይር ሰዓቱ ይሞትብኛል፤ ዘንድሮ ያገኘሁትን ሰው ደግሜ ልቀብር ነው። ቀይረው አልኩት።

ሀይደር ሚካውን በቀጭን መሣሪያ ቀስ ብሎ ፈልቅቆ አረንጓዴ ጨርቁ ላይ አስቀመጠው። ሰንፔሩን ገጠመ። ሰዓቱ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ አዲስ ሆኑ። አላምርም ወይ የሚል ይመስላል። እኔ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን የሀይደርን ሰዓት ነበር የማየው። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሞላ። ሰንፔሩ ምንም አላለ።

"ቢስሚላህ" አለ ሀይደር፣ እጁንም ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ።

ሚካው ነበር። ብቻውን፣ ደረቅ ጨርቅ ላይ፣ ሥሩ ማሽን የለ፣ ርጥበት የለ። ከመሐሉ ጀምሮ ጉም ለበሰ። ሰፋ፣ ቆየ፣ ጠፋ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ትንሹ። ጭረቱ በጉሙ መሐል እንደ መንገድ ይታይ ነበር።

 በኋላ ሀይደር በትንሽ ድምፅ የደበቀኝን ነገረኝ። ሰንፔሩን ያዘዘው ሰዓቱን የሸጠለት ሰው ነው። በከዘራ የሚሄድ፣ ረጅም፣ የሚያስለው ሽማግሌ። ከፍሎ፣ መስታወቱ ሳይቀየር ለማንም እንዳትሸጥ ብሎ አስምሎት ነበር። ዕቃው ሳይደርስ እኔ ሐብሌን ይዤ ደረስኩ፣ እሱም ሐብሉን ሲያይ መሐላውን ረሳ። የሚሸጥ ሰው ለሌላ ሰው ብሎ ውድ መስታወት ሲገዛ አይቶ እንደማያውቅም ነገረኝ።

እኔም አይቼ አላውቅም። አሮጌውን መልሰህ ግጠም አልኩት። ማሽኑ ይዝጋል አለ። ይዛግ አልኩት። ሰንፔሩን አንተ ዘንድ አኑረው።

በማግስቱ ገርጂ፣ መኩሪያ ቤት ሄድኩ። አሥራ አራት ዓመት ያልረገጥኩት ደጅ ነው። ልጁ ሣራ ከፍታ ስታየኝ ክው አለች። መኩሪያ በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል፣ እግሩ አብጦ፣ አንገቱ ከስቶ። ሰዓቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ጭረቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"ምነው ባስቀየርሽው" አለኝ። "ከፍዬበት ነበር።"

"ሌባ ለሰረቀው እቃ መስታወት ይገዛል እንዴ?"

"ዛሬም አልበረደልሽም?"

"ምን አብርዶልኝ።"

ሣራን ውኃ አምጪ ብሎ ላካት። ከዚያ ነገረኝ፣ ፊቴን ሳያይ። እኔ ጸበል የሄድኩ ለት ኃይለሚካኤል ዝም አለበት። ሞቶ ይሁን ተኝቶ አላወቀም። ወጥቶ ሰው እንዳይጠራ ትቶት መሄድ ፈራ። ቤት ውስጥ ትንፋሹን የሚያይበት መስታወት ፈልጎ አጣ። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ መስታወቱን አፉ ላይ ያዘለት።

"ሁለት ጊዜ ጉም ለበሰ" አለኝ። "ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አሰገደች፣ በጣም ጠበቅሁ። የሁለተኛው ርዝራዥ ሳይጠፋ ኪሴ ከተትኩት፤ እንዳይጠረግብኝ። ከዚያ አንቺ በሰው መሐል ሌባ አልሺኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ላውጣው?"

 ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝ።

ወንድሙ በሞተ ማግስት መስታወቱ በዚያው ሰዓት እንደላበ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሳያጓድል እንደላበ ነገረኝ። አሥራ አራት ዓመት ሣጥኑን ከፍቶ ፊቱ ሲቀመጥ ኖሯል፤ ደህና ዋልክ ወይ እያለ። ዘንድሮ ልቡ ታመመ። እሱ ሲሞት ልጆቹ ሰዓቱን ያገኙና የአባታችን ነው ብለው ለቅሶው ላይ ያነሡታል። የወንድሙ እስትንፋስ በእሱ ስም ሊነሣ ነው። ለዚህ ነው መስታወቱ ወጥቶ ይጣል፣ ሰዓቱ ለባዕድ ይሸጥ ያለው።

ይህን ሲል ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ጉልበቱ ላይ እንዳለ ሁለት ጊዜ ላበ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ከዚያ ውኃ ጠጥቼ፣ ሰዓቱን እጄ ላይ አስሬ ሄድኩ። ይቅር በለኝም አላልኩ፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላልኩ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ቶሎ አይወጣም።

ጥር ላይ ሰዓቱ ቆመ። ሀይደር እንዳለው ዝጎ ነው፤ ዓመትም አልሞላ። ጉሙ ግን አልቀረም።

የካቲት ውስጥ ሣራ እየሮጠች መጣች፤ አባቷ ከትናንት ጀምሮ አፉን አልከፈተም። አብሬያት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ እሷ ጸበል ላምጣ ብላ ስትወጣ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ደረቱን ባየው አይንቀሳቀስም። ሰዓቱን ከእጄ ፈታሁ። መስታወቱን አፉ ላይ ያዝኩ። ሰንፔር ቢሆን ኖሮ በዚያ ቅዝቃዜው ማስነካት አልችልም ነበር።

ጉም ለበሰ፣ ሰፋ፣ ጠፋ። እንደገና። እንደገና። ሦስት። አራተኛውን ጠበቅሁ። ስንት እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ ሣራ ጸበሉን ይዛ ስትገባ ክንዴ ደንዝዞ እንደያዝኩት ነበር። በር ላይ አልጠበቅኋትም፣ ራሴንም አልነቀነቅሁላትም። አጠገቤ አስቀምጫት መስታወቱን አሳየኋት፤ ያየሁትን ሁሉ፣ የአጎቷንም ጭምር፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

በለቅሶው ቀን ገርጂ ድንኳን ተተከለ። የእድሩ ሰው እኔን ሲያይ እንደ ልማዴ ወደ ጫፉ የምሄድ መስሎት ጠበቀ። የመኩሪያ ኮት ተነሣ። ከዘራው ተነሣ። እኔ ከመሐል ብድግ አልኩ። ይህ ሰዓት የኃይለሚካኤል ነው አልኩ፤ ወንድሙ አልሰረቀውም፤ ሌባ ብዬ የዋሸሁት በዚሁ እድር ፊት ስለሆነ በዚሁ ፊት እመልሳለሁ አልኩ። ከዚያ "ጋሼ መኩሪያ" ብዬ ጠራሁት፣ "ጋሼ፣ ደህና ይሂዱ።"

አልቃሿ ለሁለቱም ገጠመች። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። የቆመው ሰዓት መስታወት ላይ ጉሙ መጣ፤ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሦስት ጊዜ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሴቶች አይተው አማተቡ። ኪሴ አልከተትኩትም። የመጨረሻው እስኪጠፋ ድረስ ከፍ አድርጌ ያዝኩት።