እዚህ ያሉትስ?

“ቤቱን ለቅቆ የወጣ ሰው ተመልሶ ሲመጣ በር ያንኳኳል!” አለች ትዝታ፣ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ጨብጣ። “ማንኳኳት ጥላቻ አይደለም፤ ደንብ ነው። ኤርትራ የራሴ አገር ልሁን አለች፤ ሆነች። የራሴ ገንዘብ ይኑረኝ አለች፤ አሳተመች። እንግዲያው ዕቃዋም እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ዕቃ ድንበር ላይ ይቁም፣ ይፈተሽ፣ ቀረጥ ይክፈል። የራስ አገርም የጋራ በርም፣ ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ አይቻልም!”

ጭብጨባው ከኋላ ወንበሮች ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። አንዳንዶቹ ቆሙ።

ወሩ መጋቢት፣ ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ነው። የትምህርት ቤቱ የክርክር ክበብ በዚያ ቅዳሜ ወላጆችን ጠርቷል። ከመድረኩ በስተጀርባ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ መምህር ደምሴ በሚያምር ጽሕፈታቸው “ኤርትራ ከተለየች በኋላ የጉምሩክ አንድነቱ ይቀጥል ወይስ ይቅር?” ብለው ጽፈዋል። ናቅፋ የሚባለው ገንዘብ ከወጣ ወዲህ በደብረ ታቦር ገበያውም ጠጅ ቤቱም የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ማን በየትኛው ወገን እንደሚቆም የወሰነው ዕጣ ነው። ለአሥራ አንደኛ ክፍሏ ትዝታ “ይቅር” ወጣላት፤ ለሲሳይ “ይቀጥል”።

ሲሳይ መጥፎ አልተናገረም። “ኬላ ሲጀመር ገመድ ነው” ነበር ያለው፣ ዝግ ባለ ድምፅ። “ገመዱን የሚጠብቅ ዘበኛ ይመጣል። ዘበኛው ጠመንጃ ይሰጠዋል። ከማዶም ሌላ ገመድ፣ ሌላ ዘበኛ፣ ሌላ ጠመንጃ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የጨውና የጤፉን ነገር ማን ያስታውሰዋል?” ያጨበጨቡለት የክፍል ጓደኞቹ ብቻ ናቸው።

ትዝታ ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቦታዋ ልትመለስ ስትል ከአዳራሹ ጥግ አንድ የወፈረ ድምፅ ተነሣ።

“እዚህ ያሉትስ?”

አንዳንዱ ሳቀ። ድምፁ ደገመው። “ዕቃው ይፈተሽ ብለሻል፤ ጥሩ። እዚህ ያሉት ሰዎቻቸውስ?”

ጭብጨባው በአዲስ ጉልበት ተነሣ፤ ይኼኛው ግን ለእሷ አልነበረም። ትዝታ ሳታስበው አባቷ ወደተቀመጠበት አራተኛ ረድፍ ተመለከተች። ብቻዋን አልነበረችም፤ ከፊት ያሉት ዞረው፣ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አስግገው የሚያዩት የአባቷን የዕቁባይን እጆች ነበር። የወፍጮ ዘይት ከጥፍሮቻቸው ሥር የማይለቃቸው ትልልቅ እጆች ናቸው። ጭኑ ላይ ተቀምጠው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ተነሡና ከሕዝቡ ጋር ማጨብጨብ ጀመሩ።

መምህር ደምሴ ደወሉን አከታትለው ደወሉ። አሸናፊዋ ትዝታ ነበረች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዕቁባይ እጁን ኪሱ ከትቶ በዝግታ ተራመደ። ኤርትራ ውስጥ መንደፈራ ተወልዶ በወታደርነት ወደዚህ አገር ከመጣ፣ የትዝታን እናት ፈንታነሽንም አግብቶ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ከጋይንት እስከ ጉና ያለ ወፍጮ ሲበላሽ ጋሽ ዕቁባይ ይጠራ ነው የሚባለው።

“አባዬ፣ ዕጣ ደርሶኝ እኮ ነው” አለች ትዝታ።

“አውቃለሁ።”

“ተቆጣህ?”

“ለምን እቆጣለሁ? ጥሩ ተናግረሻል። የበሩ ነገር ጥሩ ነበር።” ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆመ። “አንቺ ግን የቱን ታምኛለሽ?”

ትዝታ አሰበች። “እኔ ያልኩት ልክ ይመስለኛል። ሲሳይ ያለውም ልክ ነው።”

“እኔም የሚያስፈራኝ እሱ ነው” አለ ዕቁባይ። “አንደኛው ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር።”

በራፋቸው ላይ ከጉና ሥር የመጣ ገበሬ በቅሎውን አስሮ ይጠብቅ ነበር። የመንደራቸው ወፍጮ ከቆመ ሰንብቷል፤ ሴቶቹ ገብሳቸውን ተሸክመው ደብረ ታቦር ድረስ ይወርዳሉ። የጎደለው አንድ ኩሽኔታ፣ የወፍጮውን ዘንግ ይዞ የሚያሽከረክር የብረት ቀለበት ነው። ዕቁባይ እንደ ወትሮው ከአስመራ አስገዝቶታል፤ ኩሽኔታው ግን ድንበር ላይ ተይዟል።

“ዛሬም የለም ጋሼ?” አለ ገበሬው።

“የለም። ቀረጡ ስንት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ትናንት ያሉትን ዛሬ አይሉትም።”

ገበሬው ትዝታን አየና ፈገግ አለ። “ሰማን። ይሄ ኬላ ይጥበቅ አልሽ አሉ። አንደበትሽ ይባረክ።” ነገሩን ከኩሽኔታው ጋር ሳያገናኝ በቅሎውን ፈታ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቶ ሙሉሰው መጡ። በከተማው የሕዝብ በዓል ሲኖር አዳራሽ የሚያስለቅቁ፣ ተናጋሪ የሚመርጡ ሰው ናቸው፤ ምን ሥራ እንዳላቸው በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ሲጠሩት የማይመጣ ሰውም የለም። ፈንታነሽ ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አስቀመጠቻቸው።

“እንደምን ሰነበቱ ጋሽ ዕቁባይ? ሥራ እንዴት ይዞዎታል?” አሉ። “ልጅዎ አኮራችን። ክርክሩ በሚመጣው እሑድ ለከተማው ሕዝብ ይደገማል። እንግዶች ይኖራሉ።”

“እግዚአብሔር ይስጥልን” አለ ዕቁባይ።

“አንድ ነገር ብቻ ጎደለ።” አቶ ሙሉሰው ወደ ትዝታ ዞሩ። “ከኋላ የተጠየቀውን አልመለስሽም። ሰው በልቡ ይዞት ሄደ። ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ሁሉም የራሱን መልስ ይሰጣል፤ ጥሩ አይደለም። እሑድ አንቺ ትመልሽዋለሽ።”

“ምን ብዬ?” አለች ትዝታ።

“ከባድ አይደለም። ‘ለዚያ አገር ድምፅ የሰጠ በዚያ አገር ይኑር’ ማለት ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ጥላቻ ይመስላል። ከአንቺ ሲወጣ ግን እውነት ይሆናል።”

ፈንታነሽ ነጠላዋን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትፈታለች።

“እሷ ልጅ ናት” አለ ዕቁባይ። “ስለ ቀረጥና ስለ ጤፍ ትከራከር። የሰው ነገር ለምን ይገባበታል?”

አቶ ሙሉሰው ፈገግታቸውን ሳይቀንሱ አዩት። “በሰማንያ አምስቱ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥተሃል አይደል?”

ትዝታ ደነገጠች። የደነገጠችው በጥያቄው አይደለም፤ አባቷ እንደሰጠ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ጎንደር ሄዶ ሰጥቶ ሲመለስ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ብሎት ነበር። የደነገጠችው በ“ሃል” ነው። አሁን “እንደምን ሰነበቱ” ያሉ ሰው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ ወንበራቸውን ሳያንቀሳቅሱ አባቷን አንተ አሉት።

“ሰጥቻለሁ” አለ ዕቁባይ። “ያን ጊዜ ሁሉም ስጡ ብሎን ነበር።”

“ያን ጊዜ ያን ጊዜ ነው” አሉ አቶ ሙሉሰው ሲነሡ። በሩ ላይ ደርሰው የትዝታን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። “እሑድ እንገናኝ፣ የእኛ ልጅ።”

ከሄዱ በኋላ መጀመሪያ የተናገረችው ፈንታነሽ ናት። “ትበለው” አለች።

“ፈንታ!”

“ምን ፈንታ ትለኛለህ? ትበለው! ቃል ነው፣ አየር ላይ ይቀራል። ልጁ እንዲህ ካለች አባቷን ማን ይነካዋል? ይተዉናል።”

“ከተናገረችው በኋላ ግን ስለ እኔ የተናገረችው እሷ ትሆናለች” አለ ዕቁባይ። “እነሱ አይደሉም።”

“እኔ እኮ ያንተ አገር የትኛው እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም” አለች ፈንታነሽ። “አሁን የሚጠይቅ ሲመጣ ምን ልበል?”

ዕቁባይ ጎንበስ ብሎ ትዝታን አያት። “እኔ በይም አትበይም አልልሽም። የፈለግሽውን ብትዪ ልጄ ነሽ።”

ትዝታ ከዚያ ይልቅ ቢቆጣት ወይም ቢከለክላት በወደደች ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከጎንደር የመጣ የአውቶቡስ ረዳት መልእክት አደረሰ። መንደፈራ ያሉት የዕቁባይ እናት ታመዋል፤ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ባለው ሱቅ ስልክ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ደውል ብለዋል። ወትሮ ዕቁባይ ስልክ የሚደውለው ብቻውን ነበር። የዚያን ቀን ግን ኮቱን ለብሶ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ትዝታን “አብረን እንሂድ” አላት።

የቴሌው አዳራሽ ሞልቷል። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ኦፕሬተሯ እቴነሽ፣ ዕቁባይ ቁጥሩን ሲሰጣት እንደ ልማዷ “እናትህ ደህና ናቸው?” አላለችም። ቀና ሳትል መዘገበችው። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው አቶ ሙሉሰው ጋዜጣ ዘርግተው የባሕር ዳር መስመር ይጠብቃሉ።

“የእኛ ተናጋሪ!” አሉ ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው። “ይህቺን ልጅ አላወቃችኋትም? ቅዳሜ አዳራሹን ያናወጠችው እኮ ናት።”

ሰዎች ዞሩ። አንዲት ሴት “በሩን ያንኳኩ ያለችው?” አለች። አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው “እደጊ ልጄ” አሏት። ትዝታ አቀርቅራ አመሰገነች። ጆሮዎቿ ጋሉ። ቅዳሜ መድረኩ ላይ ይህ ነገር ጣፍጧት እንደነበር ትዝ አላት።

“እሑድማ ከዚያም የበለጠ ትናገራለች” አሉ አቶ ሙሉሰው። “አይደል?”

መልስ ከመስጠቷ በፊት እቴነሽ ከመስኮቱ ተጣራች።

“መንደፈራ! መንደፈራ ጠሪ፣ ቁጥር ሁለት!”

ማን እንደሚነሣ ለማየት ሰው ሁሉ ዐይኑን አዞረ። ዕቁባይ አልተነሣም። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ነበሩ። ትዝታ ከቅዳሜው አዳራሽ ይልቅ አሁን በደንብ አየቻቸው።

“መንደፈራ! የለም እንዴ? መስመሩ ሊቋረጥ ነው!”

“አባዬ፣ አንተ ነህ እኮ” አለች በሹክሹክታ።

“ይቅር” አለ ወለሉን እያየ። “ሰው ሲቀንስ እንመጣለን። ሌላ ቀን።”

ትዝታ ስለ ሌላ ቀን አሰበች። ድንበር ላይ ስለተያዘው ኩሽኔታ፣ በየቀኑ ስለሚለዋወጠው ቀረጥ፣ ሲሳይ ስለ ገመዱ የተናገረው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት። አያቷን ያየቻቸው ልጅ ሳለች አንድ ክረምት ብቻ ነው። ከትግርኛው የቀራት የዚያ ክረምት ቃል ነው፤ ጥቂት ቢሆንም አልጠፋባትም። አሮጊቷ የሰው ሱቅ ውስጥ ታመው ተቀምጠው፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይዘው፣ ከዚህኛው ወገን ዝምታ ሲሰሙ ታያት።

ብድግ አለች። አቶ ሙሉሰው እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርገው አሳለፏት፤ ወደ ውጭ የምትወጣ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ቁጥር ሁለት የሚል የተጻፈበት የስልክ ክፍል ገባች።

እጀታውን ስታነሣ የመጣው የነፋስ ድምፅ የመሰለ ነው። ከሱ ኋላ፣ በጣም ከሩቅ፣ አሮጊት ሴት “ማን ነው? ማን ነው?” እያሉ በትግርኛ ይጠይቃሉ።

“እኔ ነኝ” አለች ትዝታ በትግርኛ፣ ቀስ ብላ።

“ማን ነው?” አሉ አሮጊቷ እንደገና። “የሚናገር የለም” ብለውም አጠገባቸው ላለ ሰው ነገሩ።

እቴነሽ ከመስኮቷ አንገቷን አወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ትዝታ አዞረች። “መስመሩ ደካማ ነው” አለቻት። “ካልጮኽሽ አይሰሙሽም።”

ትዝታ በመስታወቱ አዳራሹን አየች። ሴትየዋም ሽማግሌውም ያዩዋታል። አቶ ሙሉሰው ጋዜጣቸውን እያጠፉ ነው። አባቷ ከአግዳሚው ተነሥቶ መሐል ወለል ላይ ቆሟል፤ ወደ እሷም ወደ በሩም መሄድ አቅቶታል። አየር ሳበች።

“ዓባየይ!” ብላ ጮኸች። “ኣነ እየ! ትዝታ! ትዝታ ጓል ዕቁባይ!”

አሮጊቷ ስሟን ጠርተው አለቀሱ። “አያቴ፣ እኔ ነኝ፣ የዕቁባይ ልጅ” ማለቷን አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል። አቶ ሙሉሰው የባሕር ዳር መስመራቸው ሳይጠራ ተነሡ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ዕቁባይ አጠገብ ሲደርሱ ቀና ብለውም ሳያዩት አልፈውት ወጡ።

ትዝታ ሲወጡ አየቻቸው። ድምፅዋን ግን አልቀነሰችም። “ከመይ ኣለኺ ዓባየይ?” አለች የአያቷን ደህንነት ስትጠይቅ፣ ከፊተኛው አብልጣ እየጮኸች።