የተጠላው ውል

ወልደየሱስ ኦሃዮ፣ ዳውንታውን ኮሎምበስ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይሠራል። ወደ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ አስተርጓሚ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ሔዋን ይህን ከመስማት ያለፈ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

በዚያ ሰሞን የታሪክ አስተማሪዋ ክፍሉን ሴኔት አደረገችው። ተማሪዎቹ አሜሪካ ገና በጨቅላነቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1794፣ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረመችው ውል ላይ ድምፅ ሊሰጡ ነው። ውሉን የመከላከል ዕጣ የወጣው ለሔዋን ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ውል ሆሪብል ነው» አለችው እራት ላይ። «እንግሊዞች መርከበኞቻችንን እያፈሱ ይወስዳሉ፤ የእኛ ተደራዳሪ እሱን እንኳ አላስቆመም። ሕዝቡ ምስሉን በጨርቅ ሠርቶ አቃጥሎታል።»

«ታዲያ ምን ይዞ ተመለሰ?»

«ምሽጎቻቸውን ለቀው እንዲወጡ። አንዱ እዚሁ ኦሃዮ ነበር። ደግሞ ጦርነት አልተነሳም።»

«አገሪቱ የባሕር ኃይል ነበራት?»

«የለም ማለት ይቻላል።»

«እንግዲያው እሱን ንገሪያቸው። ጥሩ ውል ነው አትበይ፤ አያምኑሽም።»

ወልደየሱስ ከባልደረባው ከአለሙ ጋር ሺፍት ተቀያይሮ ክርክሩን ሊያይ ሄደ። ከኋላ ተቀመጠ። ሔዋን እንዳላት አደረገች፤ የውሉን ጉድለት ራሷ ዘርዝራ፣ ሌላው ምርጫ ጦርነት እንደነበረ ተናገረች። አንድ ተማሪ የተሰጠውን ሚና ሲጫወት «ትሬተር!» ብሎ ጮኸባት። ክፍሉ ሳቀ። ወልደየሱስ አልሳቀም። በእሱ ጆሮ ቃሉ «ባንዳ» ነበር።

ውሉ እንዲጸድቅ ከሃያ ሰባቱ ተማሪዎች አሥራ ስምንቱ መደገፍ ነበረባቸው። አሥራ ሰባት እጅ ወጣ።

«በአንድ ድምፅ ተሸነፍኩ፣ ዳድ» አለችው መኪና ውስጥ ገብተው በሩን ስትዘጋ።

ወልደየሱስ ቁልፉን ሳያዞር ቆየ። «እኔም አንድ ጊዜ በድንበር ድርድር ላይ አስተርጉሜ አውቃለሁ» አለ። «ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ። ሁለት የውሃ ጉድጓድ ሰጥተን ተመለስን።»

«ሰው ምን አለ?»

«ባንዳ አለን። አባቴ ሁለት ዓመት አላናገረኝም። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ እዚያ አልነበርኩም ማለት ጀመርኩ።»

«ከዚያ በኋላስ? ተዋጉ?»

«አገር እስከለቀቅሁ ድረስ እዚያ ቦታ በጥይት የሞተ ሰው አልሰማሁም።» ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም ነበር።

ሔዋን ዞራ አየችው። «ዋይ? ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍሬ ነበር።»

ሔዋን ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «በቃ፣ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ» አለችው።

እሱም የመጀመሪያውን ቀን ነገራት፤ ጠረጴዛ የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ የሁለቱ ወገን ልዑካን ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ እንዴት እንደተቀመጡ፣ ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ብቻ እንዴት ግማሽ ቀን እንደፈጁ።