የሰው እጅ አይመስልም

ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ ጥርስ ሠርቷል። ነቃይ አይደለም፤ የሚነቅለው ሐኪሙ ነው። እሱ ከሐኪሙ ክፍል ጀርባ፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ በምታይ ጠባብ ክፍል ቁጭ ብሎ፣ ለተነቀለው ምትክ የሚቀርጸው ጥርስ ሠሪ ነበር። የዚህ ሙያ ክፋቱ ምን መሰላችሁ? ሥራህ ባማረ ቁጥር ማንም አያውቅልህም። «ውይ ጥርስህ! ማን ሠራልህ?» ከተባለማ ሠሪው አበላሸ ማለት ነው። የተዋጣለት ጥርስ መሠራቱ የማይታወቀው ነው። በሽተኛው ደስ ብሎት ሐኪሙን ጨብጦ ይወጣል፤ ጥርስ ሠሪው ከጓሮ መስኮቱ ጋር ይቀራል።

ጡረታ በወጣ ሳምንት ለሚስቱ እንዲህ አላት፦ «አንድ ነገር ልሠራ ነው። ሰው አይቶት ‹ማን ሠራው?› የሚለው፣ እኔም አፌን ሞልቼ ‹እኔ› የምልበት። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን።» ሌላ ምኞት አልነበረውም፤ ይቺው ብቻ ናት።

የመረጠው የጥንት የጦር አውሮፕላን ነው። ወታደሮች ገና መብረር ሲማሩ የተሠራ፣ ሁለት ክንፍ ላይና ታች የተደረበለት፣ ገላው እንጨትና ጨርቅ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ቦምቡን በእጁ አንሥቶ ወደ ታች የሚወረውርበት ዓይነት። እሱን አርባ ስምንት ጊዜ አሳንሶ ሊሠራው ተነሣ። ከሱቅ ሳጥን ገዝቶ፣ የተዘጋጀውን የፕላስቲክ ቁርጥራጭ በማጣበቂያ መገጣጠም እንዳይመስላችሁ። ከባዶ! በእጁ የነበሩት ሦስት የደበዘዙ ፎቶግራፎችና ከአሮጌ መጽሐፍ የተገለበጠ አንድ ንድፍ ብቻ ናቸው።

የምግብ ጠረጴዛው ሁለት ዓመት ተወረሰ። ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር የሚበሉት። «የአባታችሁ አየር ማረፊያ ነው፤ ማንኪያ እንዳታሳርፉበት» ትላቸዋለች እናታቸው። እሱ አይሰማትም። ሞተሩን ጥርስ በሚቀረጽበት ሰም ቀርጾ አወጣው። ከጎማዎቹ መሃል ወደ ጠርዛቸው የሚዘረጉትን ዘንጎች ጥርስ በሚታሰርበት ቀጭን ሽቦ ሠራቸው። የአብራሪውን ወንበር በስፌት ክር ሸመነው፤ ወንበሩ ከጥፍር አይበልጥም።

ክንፉ ግን ፈተነው። በእያንዳንዱ ክንፍ ውስጥ ሃያ ሁለት የእንጨት ጎድኖች ይደረደራሉ፤ በላያቸው ስስ ወረቀት ተወጥሮ ቫርኒሽ ይቀባል። ጎድኖቹ እኩል ካልሆኑ ወረቀቱ ይሸበሸባል። ሰባት ክንፍ ተበላሸበት። ሰባቱንም በመዶሻ ደቆሳቸው። የጥርስ ቤት ልማድ ነው፦ የተበላሸ ጥርስ እንዳለ አይጣልም፤ አንድ ቀን በስሕተት ሰው አፍ እንዳይገባ ተደቁሶ ነው የሚጣለው። «ኧረ ተው፣ ይቀመጥ፣ ምን አደረገህ?» ብትለው «የተበላሸ ሥራ ቤቴ አያድርም» አላት። ልጃቸው ደግሞ «አባዬ፣ በየደረጃው ፎቶ አንሣው እንጂ» ብትለው «ምን ያደርጋል? ሲያልቅ ያዩት የለ!» ብሎ ዘጋት። ምነው በሰማት ኖሮ!

ስምንተኛው ክንፍ አማረ፤ የቀሩትም በሱ ልክ ወጡ። አውሮፕላኑም አለቀ። የሞዴል ሠሪዎች ማኅበር በየዓመቱ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውድድር ያደርጋል፤ ባልና ሚስት በጫማ ካርቶን ውስጥ በጥጥ ደግፈው፣ በአውቶቡስ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ወሰዱት። «ከባዶ የተሠሩ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ጥርስ ሠሪው ከአጠገቡ ቆመ፤ ክራቫት አስሮ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዳኞቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ የፊተኛው የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ አንገቱ ላይ አጉሊ መነጽር የተንጠለጠለ፣ እጁ ማይክሮፎን የያዘ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው። ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሦስት ቃል ለሕዝቡ ይናገራል። ከአውሮፕላኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ቆየ፣ ቆየና ቀና አለ።

«አባቴ፣ ይሄ እንኳን ከባዶ የተሠራ አይደለም» አለ፣ ማይክሮፎኑን ከአፉ ሳያወርድ።

«ምን አልክ?»

«ከሳጥን የወጣ ነው። የሰው እጅ አይመስልም። በወረቀቱ ላይ ጎልተው የወጡትን ጎድኖች ይዩዋቸዋ! አንዱ ካንዱ ፀጉር ታህል አይበልጥም። ሰው እንዲህ እኩል አይሠራም፤ ፋብሪካ ነው። ችግር የለም፣ ወደ ሳጥኖቹ ምድብ እናዞርልዎታለን።»

አዳራሹ ሙሉ ሰማ። ጥርስ ሠሪው ጆሮውን ማመን አቃተው። እስቲ አስቡት! ሁለት ዓመት ዓይኑን ያፈሰሰበት፣ እኩል እንዲሆን ሰባት ጊዜ ያፈረሰው ሥራ፣ እኩል ስለሆነ የእሱ አይደለም ተባለ። አጣሞ ቢሠራው ኖሮ ያምኑት ነበር ማለት ነው!

«ምን?» አለች ሚስቱ፣ ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ወትፋ ወደፊት እየመጣች። «እኔ ሁለት ዓመት ሳህን ጉልበቴ ላይ ይዤ የበላሁት ለፋብሪካ ኖሯል?»

«እናቴ፣ አይቆጡ። ሲሠሩ የተነሡት ፎቶ አለ?»

«የለም» አለ ጥርስ ሠሪው።

«የተበላሹ ቁርጥራጮችስ? ከባዶ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ካርቶን ሙሉ ይኖረዋል።»

«ደቁሻቸዋለሁ።»

«ደቆሷቸው!» ሊቀመንበሩ ወደ ጓደኞቹ ዞር ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ሲስቅ ጥርሱ ታየ። ጥርስ ሠሪውም አየው፤ አይቶም ቀጥ አለ። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች፤ ግራው ከቀኙ ትንሽ ዞር ያለ፣ ጫፉ ላይ ሻይ የነካው የሚመስል ቢጫ ጭረት ያለው። ያንን ጭረት አንድ ነጠላ ፀጉር ባላት ብሩሽ የሳለው ራሱ ነው። ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። ሰውየው በሰው እጅ በተሠራ ጥርስ እየሳቀ ነው የሰው እጅ እንዲህ አይሠራም የሚለው!

እኔ ብሆን ኖሮ ማይክሮፎኑን ነጥቄ «የአፍህስ ከየትኛው ሳጥን ወጣ?» ብዬ አዳራሹን በሳቅ አፈርሰው ነበር። እሱ ግን እንደኔ አይደለም። የሰው አፍ ምስጢር ነው፤ በአርባ ዓመት አንድንም ሰው «እሱ እኮ ጥርሱ የኔ ሥራ ነው» ብሎ አምቶ አያውቅም። ቃሉን ዋጠው።

ከዚያ ከኮቱ ኪስ ትንሽ ምላጭና ወረንጦ አወጣ።

«እንዳታደርገው!» አለች ሚስቱ። «ስሞትልህ፣ እንዳትነካው! እነሱ ባያምኑስ ምን ታመጣለህ? ወደ ቤታችን እንሂድ!»

«ውሸታም ተብዬ የትም አልሄድም» አላት።

የታችኛውን ክንፍ ወረቀት በሦስት ጎን ሰነጠቀውና በወረንጦ ወደ ኋላ ገለጠው። ሚስቱ ፊቷን አዞረች። ከሥሩ ሃያ ሁለቱ ጎድኖች ተደርድረው ታዩ። እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሦስቱ ተሰንጥቀው በክር ተጠምጥመዋል፤ በየመጋጠሚያው ደግሞ የጤፍ ቅንጣት የምታክል ሮዝ ነጥብ አለች።

ከዳኞቹ አንዷ አጉሊ መነጽሯን አስጠግታ «ይሄ ሮዝ ነገር ምንድነው?» አለች።

«የሰው ሠራሽ ድድ የሚሠራበት ነው። አርባ ዓመት የለመድኩት እሱን ነው፤ ሌላ ማጣበቂያ አላምንም።»

እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ፋብሪካ በዓለም ላይ የለም። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን አጠፋና በሹክሹክታ «እሺ፣ ከባዶ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። ሲያዋርድ በማይክሮፎን፣ ሲያምን በሹክሹክታ!

ከአንድ ሰዓት በኋላ ውጤት ተነበበ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ጥርስ ሠሪው የለበትም። ሚስቱ ሰው እየገፋች ሊቀመንበሩ ዘንድ ደረሰች፤ እሱም ተከተላት።

ሊቀመንበሩ የደንቡን ወረቀት ገልጦ አሳያቸው። «በዳኝነት ሰዓት ጉዳት ያለበት ሥራ ነጥብ ይቀነስበታል። ክንፉ ተቀዷል። ባይቀደድ አንደኛ ነበር፤ እጃችን ታሰረ።»

«ማን አስቀደደው?» አለች ሚስቱ። «አንተ አይደለህም? ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው የመጣኸው?»

«ቅደዱት አላልንም፤ በራሳቸው ፈቃድ ነው።»

ወይ ጉድ! ሳይቀድደው ውሸታም፣ ሲቀድደው ጎዶሎ። በየትኛው በኩል ይውጣ ይሄ ሰው?

ጥርስ ሠሪው ሚስቱን በክንዷ ይዞ ወደ ኋላ አደረጋት። «ሽልማታችሁን ተዉት» አለ። «በማይክሮፎን ከሳጥን ነው ብለሃል። በማይክሮፎን እሱ ነው የሠራው በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«መርሐ ግብሩ እኮ አብቅቷል፣ አባቴ። ማይክሮፎኑም ተጠቅልሏል።» እውነትም አንድ ሰው ገመዱን ክርኑ ላይ እየጠቀለለ ነበር።

ያኔ ጥርስ ሠሪው ጮኸ። ልጆቹን እንኳ ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው፣ በዚያ ጣሪያው ሩቅ በሆነ አዳራሽ መሃል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ጮኸ። «ይሄን አውሮፕላን የሠራሁት እኔ ነኝ! ክንፉንም፣ ሞተሩንም፣ ወንበሩንም! እኔ ነኝ! ያላመነ ይምጣና ይይ!»

ሥራቸውን ካርቶን ውስጥ ሲያስገቡ የነበሩት እንደያዙት ቆሙ። መጀመሪያ የመጣችው የአዳራሹ ጠራጊ ናት፤ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ በቀዳዳው አጮልቃ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ውስጡን ማን ያየዋል ብለህ ነው የደከምከው?» አለችው።

«ማንም» አላት። «ማንም አያየውም ነበር።»

ከሷ ኋላ ሌላ ሰው መጣ፤ ከሱም ኋላ ሌላ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሰልፍ ሆነ። አንደኛ የወጣው ሰውዬ ሳይቀር ዋንጫውን ብብቱ ሥር ይዞ ተሰለፈ። እየጎነበሱ ያያሉ፣ ቀና ሲሉ ወደ ጥርስ ሠሪው ይመለከታሉ፣ እጁን ይጨብጡታል። ሚስቱ ከጎኑ ቆማ፣ እያለቀሰች፣ «ቀስ በሉ፣ አትንኩት፣ በዓይናችሁ ብቻ» ትላቸዋለች።

ሊቀመንበሩ የሰልፉ መጨረሻ ላይ መጣ። «አባቴ፣ ይህችን ወረቀት መልሰው ቢለጥፏትና በሚቀጥለው ዓመት ቢያመጡት፣ ያለ ጥርጥር አንደኛ ነው። ቃሌ ነው» አለ።

«አልለጥፈውም» አለ ጥርስ ሠሪው።

«እንዴት? እንዲህ ያለ ሥራ ተቀዶ ይቀመጥ?»

«ይቀመጥ እንጂ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያስቀደድከው አንተ ነህ። ሁለታችንም የሠራነው ይታይ» አለውና አውሮፕላኑን ከነቀዳዳው አንሥቶ፣ በሰዎቹ መሃል ይዞት ወጣ። ካርቶኑ ውስጥ አልከተተውም።